ከቆሮሶ ቆዳ ኮላጅን ማውጣትና ለፊት ጄልና ክሬም ማዋል

ሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ጠዋት የቆመ ሰው ያየዋል፤ ቆሮሶው በቢላ ይገፈፋል፣ ሥጋው ወደ ሳህን ይገባል፣ ቆዳው፣ ጭንቅላቱ፣ አጥንቱና ቅርፊቱ መሬት ላይ ይቀራል፤ አባ ኮዳዎቹም ዙሪያውን ቆመው ድርሻቸውን ይጠብቃሉ። ከአንድ ቆሮሶ፣ በውጭ ስሙ ቲላፒያ፣ ለፊሌቶ የሚወጣው ሥጋ ከክብደቱ ሲሶ ግድም ነው። ሌላው ተረፈ ምርት ነው፤ ከተረፈ ምርቱ ደግሞ ለመዋቢያ ሥራ በጣም የሚመቸው ቆዳው ነው፤ ኮላጅን፣ ማለትም ቆዳንና አጥንትን የሚያጠነክረው ፕሮቲን፣ አለውና። ቅርፊቱም ኮላጅን አለው፤ ነገር ግን ኮላጅኑ ከካልሲየም ማዕድን ጋር ተጣብቆ ስለሚገኝ በቅድሚያ ማዕድኑን በአሲድ ማሟሟት ይጠይቃል። ጀማሪ በቆዳው ይጀምር።

ሥራው ከባድ አይደለም፤ ግን ትዕግሥትና ቅዝቃዜ ይፈልጋል። አብዛኛው ብልሽት የሚመጣው ከሁለት ነገር ነው፤ ምን ዓይነት ኮላጅን እንደሚሠሩ ሳይወስኑ መጀመርና ሙቀትን መናቅ።

ሦስቱ ነገሮች

በገበያ «ኮላጅን» እየተባሉ የሚሸጡ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው ሙሉ ኮላጅን ነው። ሦስት የፕሮቲን ክሮች እንደ ገመድ ተገምደው የተሠራ ሲሆን ክብደቱ 300,000 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) አካባቢ ነው። በቀዝቃዛ አሲድ ይሟሟል፤ በጣም ትንሹ እንኳ ውሃን ያወፍራል፤ ፊት ላይ ሲደርቅ ስስና ለስላሳ ሽፋን ይሠራል። ሁለተኛው ጄላቲን ነው፤ ያው ገመድ በሙቀት ተፈትቶ ክሮቹ ሲበታተኑ የሚገኘው። ሦስተኛው ሃይድሮላይዜት ወይም ኮላጅን ፔፕታይድ የሚባለው ነው። እዚህ ላይ ክሮቹ ራሳቸው በኢንዛይም ተቆራርጠው ብዙውን ጊዜ ከ2,000 እስከ 5,000 ዳልተን ወደሚመዝኑ ቁርጥራጮች ይወርዳሉ። ይህ በውሃ በቀላሉ ይሟሟል፣ ሙቀት አያስፈራውም፣ አያወፍርም።

ከሦስቱ የትኛውም ቢሆን የቆዳን የላይኛውን ድርብ አልፎ ገብቶ በዕድሜ የሳሳውን የራሳችንን ኮላጅን አይተካም። ቆዳን በቀላሉ የሚያልፍ ነገር በጥቅሉ ከ500 ዳልተን በታች መሆን አለበት የሚለው ልማድ የታወቀ ነው፤ ሙሉ ኮላጅን ከዚህ 600 ጊዜ ይበልጣል። ታዲያ ምን ይጠቅማል? እርጥበት ይይዛል፣ ቆዳ ላይ ሽፋን ሠርቶ የውሃ ትነትን ይቀንሳል፣ ፊትን ለጊዜው ያለሰልሳል፣ የክሬምን አቀባብ ያሳምራል። ይህ በቂ ሥራ ነው፤ ከዚህ በላይ የሚያወራ ማስታወቂያ ደንበኛን ያታልላል።

የዓሣ ኮላጅን ከከብቱ የሚለየው በሙቀት ጉዳይ ነው። ገመዱ የሚፈታበት ሙቀት ዓሣው ከሚኖርበት ውሃ ሙቀት ጋር አብሮ ይሄዳል። የቀዝቃዛ ባሕር ዓሣ የሆነው የኮድ ኮላጅን 15 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈታል፤ በሞቃት ውሃ የሚኖረው የቆሮሶ ግን ብዙውን ጊዜ ከ32 እስከ 36 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ የእኛ ሐይቆች ዓሣ ለዚህ ሥራ ከሰሜን ባሕር ዓሣ ይሻላል። ቢሆንም ቀትር ላይ ፀሐይ ያየ ባልዲ 35 ዲግሪ ለመድረስ ብዙ አይፈጅበትም።

አምባዛስ? ቆዳው ኮላጅን አለው፤ ነገር ግን ስብና ጥቁር ቀለሙ ይበዛል፣ ማጽዳቱ አድካሚ ነው። በዚያ ላይ ቅርፊት ስለሌለው በሃይማኖት ምክንያት የማይነኩት ብዙ ሰዎች አሉ፤ እስራኤል ላለ ወገን ልሽጥ ለሚልም ኮሸር፣ ማለትም በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ፣ አይሆንም። ቆሮሶ ክንፍም ቅርፊትም ስላለው ይህ ጣጣ የለበትም። ከአሳማና ከከብት ኮላጅን ይልቅ ዓሣ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ሌላው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተነሣው የእብድ ላም በሽታ ፍርሃት ነበር።

ቆዳውን መያዝ

ከዓሣ አራጁ ጋር ቀድመው ይስማሙ፦ ቆዳው መሬት ሳይነካ በቀጥታ ንጹሕ ባልዲ ውስጥ ይግባ፣ ባልዲው ውስጥ ከቆዳው እኩል ክብደት ያለው በረዶ ይኑር። ዓሣ ከሞተ በኋላ የራሱ ኢንዛይሞችና ባክቴሪያዎች ኮላጅኑን መቁረጥ ይጀምራሉ፤ ሽታውም ያኔ ይፈጠራል። ኋላ በምንም መታጠብ የማይለቅ የዓሣ ሽታ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሰዓታት ውጤት ነው። በዕለቱ የማይሠሩበትን ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ውስጥ በጠፍጣፋ ከረጢት ያስቀምጡ፤ ከሦስት ወር አያሳልፉት፤ ስቡ ፍሪዘር ውስጥም ይበላሻል።

ቆዳው ላይ የቀረ ሥጋ በቢላ ጀርባ ተፍቆ ይውጣ። ቆዳውን ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ የውስጥ ገጹን ወደ ላይ አድርገው ከጅራት ወደ ጭንቅላት ይፋቁ፤ ሮዝ የሆነው ሁሉ ሥጋ ነው፣ ቢጫው ስብ ነው፣ ነጭና አንጸባራቂው ቆዳው ነው። ነጩ ብቻ እስኪቀር ይፋቁ። ቅርፊቱም ይራገፍ። ከዚያ በመቀስ 1 ሳንቲ ሜትር በ1 ሳንቲ ሜትር ይቁረጡት። በመፍጫ አይፍጩት፤ ሞተሩ ያሞቀዋል፣ ሊጥ የሆነ ቆዳ ደግሞ ኋላ በጨርቅ አይጣራም።

የሚያስፈልግ ዕቃ

ግራሙን እስከ 0.01 የሚለካ ሚዛን፣ ቴርሞሜትር፣ የፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት ልክ፣ ሜትር (ወረቀቱ ለመጀመሪያው ማጠብ ይበቃል፣ ለጄሉ ግን አይበቃም)፣ ክዳን ያላቸው የምግብ ፕላስቲክ ወይም የብርጭቆ ዕቃዎች፣ የማይዝግ ብረት ድስት፣ ቀጭን ሻሽ፣ ፍሪጅ። የአሉሚኒየም ድስት ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላል፣ ሲበላም በቀላሉ የሚቀጣጠል ሃይድሮጂን ጋዝ ያወጣል። ኮስቲክ ሶዳ ሲያዘጋጁ ጓንትና መነጽር ያድርጉ፤ ሶዳውን ወደ ውሃው ይጨምሩ እንጂ ውሃውን በሶዳው ላይ አያፍስሱ።

ቀዝቃዛው መንገድ፦ ሙሉ ኮላጅን

ከዚህ በታች ያለው መጠን ለ100 ግራም የጸዳ እርጥብ ቆዳ ነው። መጀመሪያ በዚህ መጠን ይለማመዱ። ከጅምሩ እስከ መጨረሻው ስምንት ቀን ይወስዳል፤ ሁሉም ነገር ከ4 እስከ 10 ዲግሪ ባለው፣ ማለትም ፍሪጅ ውስጥ ይሠራል።

የመጀመሪያው ቀን የኮስቲክ ሶዳ ማጠቢያ ነው። በ1 ሊትር የተጣራና የቀዘቀዘ ውሃ 4 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ያሟሙ፣ ቆዳውን ይንከሩበት፣ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡት። በየስምንት ሰዓቱ ውሃውን ደፍተው በአዲስ ብጥብጥ ይተኩ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ማለት ነው። ይህ ማጠቢያ ኮላጅን ያልሆነውን ፕሮቲን፣ ደሙን፣ ከቀለሙም ጥቂቱን ያወጣል፤ ኮላጅኑን ግን አይነካውም፣ ቅዝቃዜው እስካለ ድረስ። የመጀመሪያው ውሃ ግራጫና አረፋማ ይሆናል፣ ሦስተኛው ጥርት ማለት አለበት። ካልጠራ አራተኛ ይድገሙት። ሶዳውን አጠንክሬ ጊዜ ላሳጥር ማለት ግን ኪሳራ ነው፤ ጠንካራ ሶዳ ቆዳውን ራሱን ያሟሟዋል፣ ምርቱ ከውሃው ጋር ይደፋል።

በማግሥቱ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ደጋግመው ይጠቡት፤ የማጠቢያው ውሃ ፒኤች ከ7 እስከ 7.5 እስኪሆን። በዚህ ደረጃ ቤተ ሙከራዎች ስቡን ለማውጣት በ10 በመቶ ቡቲል አልኮል 24 ሰዓት ይነክሩታል። ቡቲል አልኮል ተቀጣጣይ ነው፣ ሽታውም ራስ ያዞራል፤ አየር በደንብ የማይዘዋወርበት ቤት ውስጥ ይቅርብዎ፣ ይልቅ ስቡን መፋቁ ላይ ይበርቱ።

ከዚያ አሲዱ ይመጣል። የሚፈለገው የአሴቲክ አሲድ ጥንካሬ 0.5 ሞላር፣ ማለትም በሊትር 30 ግራም፣ ነው። ንጹሕ የቤተ ሙከራ አሴቲክ አሲድ ካለዎት 29 ሚሊ ሊትሩ 1 ሊትር ይሠራል። ከሌለዎት ነጭ አቼቶ ይበቃል፤ ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ 600 ሚሊ ሊትር አቼቶና 400 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ሲቀላቀሉ ልኩ ይገኛል። ቀለም ያለው አቼቶ አይሆንም። ለ100 ግራም ቆዳ 3 ሊትር ያስፈልጋል፤ 1.8 ሊትር አቼቶና 1.2 ሊትር ውሃ ማለት ነው። አስቀድሞ ይቀዝቅዝ፣ ቆዳው ይግባበት፣ ሦስት ቀን ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። በቀን አራት አምስት ጊዜ በእንጨት ማንኪያ ቀስ እያሉ ያማስሉት።

በመጀመሪያው ቀን ማታ ቆዳው እንደ ረጠበ ሽምብራ ያብጣል፣ ብርሃን ያሳልፋል። በሁለተኛው ቀን ጠርዙ ይሟሟል። በሦስተኛው ቀን ማንኪያው ሲነሣ ፈሳሹ እንደ ተልባ ውሃ እየተጎተተ ይወርዳል። ይህ መጎተት ነው የሚፈልጉት፤ ገመዱ እንዳልተፈታ ምልክት ነው። እንደ ውሃ ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ አንድ ቦታ ላይ ሞቋል።

በሁለት ድርብ ሻሽ ያጥሉት፤ አይጭመቁት፣ በራሱ ይውረድ። ሻሹ ላይ የቀረውን ያበጠ ቆዳ አይጣሉት። በአሲድ ብቻ ሁሉም ኮላጅን አይወጣም፤ ቅሪቱ ከታች ለምንነግርዎ ለሞቃቱ መንገድ ይሆናል።

አሁን ኮላጅኑን ከአሲዱ ለመለየት ጨው ይገባል። ለእያንዳንዱ ሊትር 53 ግራም ንጹሕ ጨው፣ ለ3 ሊትሩ 160 ግራም ግድም። በአንድ ጊዜ አያፍስሱት፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ እያማሰሉ ይጨምሩ። ነጫጭ ክሮች እንደ ተባዘተ ጥጥ መታየት ይጀምራሉ። ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ ያሳድሩትና በማግሥቱ በሻሽ ይሰብስቡት፣ አሁን ቀስ አድርገው ይጭመቁት።

የተሰበሰበውን በ500 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ የላክቲክ አሲድ ውሃ መልሰው ያሟሙት፤ የላክቲክ አሲዱ መጠን 0.3 በመቶ፣ ማለትም 1.5 ግራም ይሁን። አቼቶ እዚህ አይጠቀሙ፤ ሽታው እስከ ፊት ድረስ ይከተልዎታል። መሟሟቱ አንድ ሌሊት ይወስዳል።

የቀረው ጨውን ማውጣት ነው። ለዚህ የዲያሊሲስ ቱቦ የሚባለው የሴሉሎስ ከረጢት ያስፈልጋል፤ እስከ 12,000–14,000 ዳልተን ያለውን ብቻ የሚያሳልፈው ዓይነት ተስማሚ ነው። ብጥብጡን ከረጢቱ ውስጥ ሞልተው፣ አፉን አስረው፣ 0.1 በመቶ ላክቲክ አሲድ ባለበት 5 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይንከሩት፤ በሁለት ቀን ውስጥ ውሃውን አራት አምስት ጊዜ ይቀይሩ። ከረጢቱን ሙሉ በሙሉ አይሙሉት፤ ውሃ እየሳበ ስለሚያብጥ ሲሶውን ባዶ ይተዉለት። አለዚያ ሌሊት ይፈነዳል፣ የስምንት ቀን ሥራ ባልዲ ውስጥ ይገኛል።

ጥንካሬውን ሳያውቁ ፎርሙላ ውስጥ አያስገቡት። 50 ግራም ብጥብጥ መዝነው በ105 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ያድርቁ። የቀረው 0.25 ግራም ከሆነ 0.5 በመቶ ነው። ጨዉ በደንብ ካልወጣ ግን ጨዉም አብሮ ይመዘናልና ቁጥሩ ይዋሻል። በተገኘው ልክ በ0.1 በመቶ ላክቲክ አሲድ ውሃ አቅጥነው 0.5 በመቶ ላይ ያድርሱት፣ ፌኖክሲኤታኖል የተባለውን ከባክቴሪያ የሚከላከል ማቆያ 0.8 በመቶ ይጨምሩ፣ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡ፣ በአንድ ወር ውስጥ ይጠቀሙበት። ፍሪዘር ውስጥ አያስገቡት፤ በረዶው ክሮቹን ያጣብቃቸዋል፣ ሲቀልጥ ጓጉሎ ይገኛል።

ሥራው የተሳካ መሆኑን የሚለይ ቀላል ፈተና አለ። በሁለት ትንንሽ ጠርሙሶች እኩል ብጥብጥ ያድርጉ። አንዱን በ45 ዲግሪ ውሃ ውስጥ 15 ደቂቃ አቆይተው ከዚያ ሁለቱንም 20 ዲግሪ ላይ ያድርሷቸው። የሞቀው ቀጥኖ ያልሞቀው ወፍራም ከሆነ ኮላጅንዎ ሙሉ ነበር። ሁለቱም እኩል ቀጭን ከሆኑ ቀድሞውኑ ጄላቲን ሆኗል፤ ወደ ሞቃቱ መንገድ ያዙሩት።

ሞቃቱ መንገድ፦ ሃይድሮላይዜት

ለአብዛኛው አነስተኛ አምራች የሚመከረው ይህ ነው። ሁለት ቀን ይበቃዋል፣ ምርቱ ይበዛል፣ ጋምቤላም ሆነ አፋር በ40 ዲግሪ ሙቀት የሚሸጥ ክሬም ውስጥ አይበላሽም።

1 ኪሎ የጸዳ ቆዳ ከላይ በተነገረው የኮስቲክ ሶዳ ብጥብጥ ውስጥ፣ በ5 ሊትር፣ ሁለት ሰዓት ይንከሩ፤ ይጠቡ። ከዚያ በቀጠነ አቼቶ ሌላ ሁለት ሰዓት፤ ለ1 ሊትር ውሃ 60 ሚሊ ሊትር አቼቶ። ፒኤቹ 6 እስኪደርስ ይጠቡ። (ከቀዝቃዛው መንገድ የተረፈውን ያበጠ ቆዳ የሚጠቀሙ ከሆነ ሁለቱንም ዘለው ማጠቡ ላይ ይጀምሩ።) 3 ሊትር የተጣራ ውሃ ጨምረው በ60 ዲግሪ አምስት ሰዓት ያቆዩት። አያፍሉት፤ የፈላ ቆዳ ሽታና ቢጫ ቀለም ያመጣል። በሻሽ ያጣሩ። ይህ ጄላቲን ነው፤ በማንኪያ ወስደው ፍሪጅ ቢያስገቡት ይረጋል።

የጄላቲኑን ፒኤች 6.5 ላይ አስተካክለው የፓፓያ ኢንዛይም፣ ማለትም ፓፔን ዱቄት፣ 2.5 ግራም ይጨምሩ፤ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ባለው አራት ሰዓት እያማሰሉ ያቆዩ። በየሰዓቱ አንድ ማንኪያ ፍሪጅ ያስገቡ። ቀዝቅዞ የሚረጋ ከሆነ ክሩ ገና ረጅም ነው፤ ቀዝቅዞም ፈሳሽ ሆኖ ከቀረ ተቆራርጧል። የፓፔን ዱቄት ጥንካሬ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ከሰዓቱ ይልቅ ማንኪያውን ይመኑ።

ኢንዛይሙን መግደል ግዴታ ነው፤ ፈሳሹን 90 ዲግሪ ላይ 20 ደቂቃ ያቆዩት። ፓፔን ሙቀት ቻይ ነው፣ በ70 ዲግሪ አይሞትም። በሕይወት የቀረ ፓፔን ፊት ላይ ሲቀባ ያቃጥላል፣ አለርጂም ያስነሣል።

ለሽታው 1 በመቶ የተጣራ የከሰል ዱቄት፣ አክቲቬትድ ካርቦን የሚባለው፣ በ50 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት አማስለው በማጣሪያ ወረቀት ያጥሉት። የማገዶ ከሰል ይህን ሥራ አይሠራም። ከዚያ በዝቅተኛ ሙቀት ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ውሃውን እያተነኑ ያወፍሩት ወይም በስስ ትሪ ያድርቁትና ይፍጩት። ዱቄቱ እርጥበት ስለሚስብ ወዲያው አየር በማያስገባ ዕቃ ይዘጋ።

የፊት ጄል፣ 100 ግራም

የተጣራ ውሃ 52 ግራም
ግሊሰሪን 5 ግራም
ሃይድሮክሲኤቲል ሴሉሎስ (አወፋሪ) 1 ግራም
ፓንቴኖል 1 ግራም
ፌኖክሲኤታኖልና ኤቲልሄክሲልግሊሰሪን ቅይጥ ማቆያ 1 ግራም
ባለ 0.5 በመቶ የኮላጅን ብጥብጥ 40 ግራም

ሴሉሎሱን በግሊሰሪኑ ውስጥ እስኪበተን ያሹት፤ ደረቁን በቀጥታ ውሃ ላይ ከበተኑት የማይፈታ ጉብጉብ ይሠራል። ውሃውን ጨምረው 60 ዲግሪ አድርሰው ጥርት እስኪል ያማስሉ። ከዚያ ይጠብቁ። 25 ዲግሪና ከዚያ በታች እስኪወርድ ድረስ ኮላጅኑ አይገባም፤ «ለብ ብሏል» የሚባለው ፈሳሽ ብዙ ጊዜ 38 ነው፣ ያ ደግሞ ለቆሮሶ ኮላጅን ሞት ነው። ፓንቴኖሉና ማቆያው ቀድሞ ይግባ፤ ኮላጅኑ በመጨረሻ፣ በቀጭኑ እየፈሰሰ፣ በእጅ እየተማሰለ። ብሌንደር አረፋ ይሠራል፣ ክሩንም ይቆርጣል። ፒኤቹን ከ4.2 እስከ 4.8 ባለው ላይ በጥቂት ላክቲክ አሲድ ወይም በቀጠነ ኮስቲክ ሶዳ ጠብታ ያስተካክሉ።

ይህ ጄል 0.2 በመቶ ኮላጅን አለው። ትንሽ ይመስላል፤ ለሙሉ ኮላጅን ግን በቂ ነው፤ ከ1 በመቶ ካለፈ ፊት ላይ ሲደርቅ ይወጥራል፣ እንደ ስስ ፕላስቲክም ይላጣል።

ክሬም፣ 500 ግራም

የዘይቱ ክፍል፦ አዮን አልባ የኢመልሲፋይንግ (ዘይትና ውሃ የሚያዋህድ) ሰም 30 ግራም፣ ሴቲል አልኮል 10 ግራም፣ የሱፍ ዘይት 60 ግራም። የውሃው ክፍል፦ የተጣራ ውሃ 362 ግራም፣ ግሊሰሪን 20 ግራም፣ ኢዲቲኤ 0.5 ግራም። ሲቀዘቅዝ የሚገባ፦ የኮላጅን ሃይድሮላይዜት ዱቄት 10 ግራም፣ ከላይ የተጠቀሰው ማቆያ 5 ግራም፣ ቫይታሚን ኢ 2.5 ግራም።

ሁለቱንም ክፍሎች ለየብቻ 72 ዲግሪ አድርሱ፣ ዘይቱን በውሃው ላይ አፍስሱ፣ ሦስት ደቂቃ በእጅ ብሌንደር ምቱት፣ ከዚያ እስኪቀዘቅዝ በማንኪያ አማስሉት። ከ40 ዲግሪ በታች ሲወርድ የቀሩትን ጨምሩ፤ ዱቄቱን ከውሃው ክፍል ላይ አስቀድሞ በተቀነሰ 20 ግራም ውሃ ማሟሟት ይሻላል። ፒኤች ከ5 እስከ 5.5።

ለምን ይበላሻል

ጄሉ እንደ አይብ ከተቆራረሰ፣ አወፋሪውን ይጠርጥሩ። ኮላጅን በአሲዳማ ፈሳሽ ውስጥ ፖዘቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) አለው፤ ካርቦመርና ዛንታን ጋም የተባሉት አወፋሪዎች ደግሞ ኔጌቲቭ ናቸው። ሲገናኙ ተያይዘው ይረጋሉ። ሙል የሌለው ሴሉሎስ የተመረጠው ለዚህ ነው።

ጥርት ያለው ጄል ፒኤቹ ወደ 6 ሲጠጋ ከደፈረሰ፣ ኮላጅኑ የኤሌክትሪክ ሙሉን እያጣ ነው። ከ5 በታች ይመልሱት።

የሻይ ቅጠል፣ የሮማን ልጣጭ ወይም ሌላ የሚያስር ጣዕም ያለው ዕፅ ጨማቂ የጨመሩበት ጄል ወዲያው ይጓጉላል። ቆዳ ፋቂዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ታኒንና ኮላጅን ሲገናኙ የሚሆነው ያው ማልፋት ነው። በእርስዎ ጠርሙስ ውስጥ የጫማ ቆዳ እየሠራ ነው ማለት ይቻላል። አልኮልም ኮላጅንን ከውሃ ይለየዋል፤ በአልኮል የተዘጋጀ ሽቶ አይጨምሩ። ፎርማልዲሃይድ የሚለቁ ማቆያዎችም፣ ለምሳሌ ዲኤምዲኤም ሃይዳንቶይን፣ ክሮቹን እርስ በርስ ስለሚያስተሳስሩ አይሆኑም።

በሦስተኛው ሳምንት የሚመጣ ሽታ ሁለት ዓይነት ነው። የቆየ ዘይት ሽታ ከሆነ ያልተፋቀ ስብ ነው፤ የመጥፎ እግር ሽታ ከሆነ ባክቴሪያ ነው። ኮላጅን ፕሮቲን ነው፣ ለባክቴሪያ ምግብ ነው። ያለ ማቆያ፣ «ተፈጥሯዊ ነው» ተብሎ የሚሠራ የኮላጅን ክሬም በሳምንት ውስጥ በዓይን የማይታይ ብልሽት ይጀምረዋል። ቫይታሚን ኢ ማቆያ አይደለም፤ የሚከላከለው ዘይቱን ብቻ ነው።

በቆላ የተሸጠው ጄል ብቻ ቀጥኖ ከተመለሰ ፎርሙላው ምንም አልሆነም፤ መንገድ ላይ ሞቋል። ለቆላ ክሬሙን ይላኩ።

ከመሸጥ በፊት

ከእያንዳንዱ ምርት ሦስት ጠርሙስ ያስቀሩ፤ አንዱን ፍሪጅ፣ አንዱን መደርደሪያ፣ አንዱን 40 ዲግሪ ላይ። በየሳምንቱ ሽታውን፣ ውፍረቱንና ፒኤቹን እየጻፉ ሦስት ወር ይከታተሉ። በቤተ ሙከራ ጠቅላላ የባክቴሪያና የሻጋታ ቁጥሩ በግራም ከ1,000 እንዳይበልጥ፣ ለዓይን አካባቢና ለሕፃናት የሚሆን ከሆነ ከ100 እንዳይበልጥ ያስመርምሩ፤ ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ፣ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ፣ ኢ. ኮላይና ካንዲዳ አልቢካንስ የተባሉት ጀርሞች ጭራሽ መገኘት የለባቸውም። ዓሣው ከሐይቅ እስከመጣ ድረስ ለሜርኩሪ፣ ለሊድ፣ ለካድሚየምና ለአርሴኒክ ጥሬ ዕቃውን ማስመርመርም ተገቢ ነው። አገር ውስጥ መዋቢያ የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ ለገበያ ከማውጣትዎ በፊት የሚጠይቀውን ፈቃድ ያሟሉ።

የዓሣ አለርጂ ያለበት ሰው ይህን ምርት ጨርሶ መቀባት የለበትም፤ የዓሣ ኮላጅንና ጄላቲን ራሳቸው አለርጂ ያስነሣሉ። ማሸጊያው ላይ «ከዓሣ ቆዳ የተገኘ» የሚለው በትልቁ ይጻፍ፤ በንጥረ ነገር ዝርዝር ውስጥ ተደብቆ አይቅር። ሌላውም ሰው ቢሆን መጀመሪያ በክንዱ የውስጥ ገጽ ላይ ትንሽ ቀብቶ 48 ሰዓት ይጠብቅ። ብራዚል ውስጥ ሐኪሞች ለቃጠሎ ቁስል የቆሮሶ ቆዳ እንደሚያለብሱ ሰምተው ጥሬ ቆዳ ፊታቸው ላይ የሚለጥፉ አሉ፤ የሐኪሞቹ ቆዳ በኬሚካልና በጨረር ከጀርም የጸዳ ነው፣ ከዓሣ ተራ የመጣው አይደለም።

የተረፈውን የኮስቲክ ሶዳ ውሃ ከተረፈው የአቼቶ ውሃ ጋር ቀላቅለው ፒኤቹ 7 አካባቢ ሲደርስ ብቻ ይድፉት፤ የጨው ውሃውም ሆነ ይህ ወደ ሐይቅም ሆነ ወደ ጓሮ አትክልት አይሂድ።